የርካሽ ቤት ዋጋ፦ የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ችግር ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በአዲስ አበባ ስለ መኖሪያ ቤት እጥረት ውይይት በተነሣ ቁጥር ለምሕንድስና ባለሙያው ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ቤቱ በስንት ብር ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ ቤት በርካሽ ለመሥራትም ሆነ በርካሽ ለማከራየት የሚያስችል ዘዴ በየጊዜው ሲገኝ እንደ ነበረ ይታያል። ሳይወሰን የቀረው ሌላ ነገር ነው። ዋጋው ዝቅ ሲል የሚፈጠረውን ልዩነት ማን፣ ከየት አምጥቶ፣ እስከ መቼ ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ የሰጠ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተተከለችው እንደ ጦር ሰፈር ነበር። መሳፍንቱና መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ቦታ ተሰጥቷቸው፣ ተከታዮቻቸውና ባለሙያዎቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። ዛሬም የብዙ ሰፈሮች ስም ይህን ይናገራል። የመሬቱ ባለቤትነት በጥቂት እጆች ውስጥ በመቆየቱ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ ከተማይቱ በፍጥነት ስታድግ ከገጠር የመጣው ሕዝብ መጠጊያ ያገኘው በባለርስቱ ግቢ ጓሮ በተርታ በተሠሩ አነስተኛ የጭቃ ክፍሎች ውስጥ በኪራይ ነበር። ባንክ ለቤት መሥሪያ የሚያበድረው የታወቀ ደመወዝ ላለው ብቻ ስለ ነበረ የቀን ሠራተኛው፣ ጠጅ ጣይዋና ሸማኔው ከዚህ ውጭ ነበሩ። በኮልፌ በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ ቤቶች ተሞክረዋል፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ከችግሩ ስፋት ጋር የሚመዛዘን አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን ለወጠው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ተፈቀደ፤ የቀረው የመንግሥት ሆነ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ቅናሹ ለዝቅተኛ ከፋዮች የሚከብድ ሆኖ እስከ ግማሽ ደረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ። ይህ ድርጅት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚባለው ነው።

አዋጁ ለተከራዩ ያስገኘው ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በማግሥቱ ውጣ ይባላል የሚል ሥጋት ከብዙ ሺህ ቤተሰቦች ላይ ተነሣ። የቀበሌ ቤቶች ከመርካቶ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ አጠገብ የነበሩ በመሆናቸው፣ ጉልት ቸርቻሪዋም ተሸካሚውም በእግሩ ወደ ሥራው የሚደርስ ሆኖ ቆየ። በአዲስ አበባ ደኃውና መካከለኛው ኑሮ ያለው በአንድ መንደር፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ የውሃ ቦኖ ሲገናኙ የኖሩት በከፊል በዚህ አዋጅ ምክንያት ነው። በኋላ የመጡ የቤት መርሐ ግብሮች ሁሉ በብዙ ገንዘብ ሊገዙት ያልቻሉት ነገር ይህ ነበር።

ችግሩ ያለው ኪራዩ ከተቀነሰ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በዚያው መጠን በመቆየቱ ላይ ነው። ይህን በሚገባ ለመረዳት የቤቶቹን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የቤቶች ቆጠራ እንኳን ከከተማይቱ ቤቶች ከአምስቱ አራቱ ያህል ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነበር። የጭቃ ቤት በሚነገርበት መጠን ደካማ አይደለም። ምሰሶው የደረቀ ጽድ ወይም የበሰለ ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ግድግዳው ከምድር ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ ክዳኑም ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል ከሆነ አምሳና ስድሳ ዓመት ይኖራል። ነገር ግን በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ እጅ ይፈልጋል። የተሰነጠቀው ምርጊት በጭድ በተቦካ ጭቃ መደፈን፣ የተበሳው ቆርቆሮ መለወጥ፣ የውሃ መውረጃው ቦይ መጠረግ አለበት። ይህ ለሁለትና ለሦስት ክረምት ከተዘለለ እርጥበቱ የምሰሶውን እግር ያበሰብሰዋል፤ ምስጡም ይከተላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥገና ቤት እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ቀበሌው ከአንድ ቤት በወር የሚሰበስበው ጥቂት ብር ነበር። ከዚሁ ላይ ለአስተዳደሩ፣ ለጥበቃውና ለሌላውም ሥራ ይወጣል። የአንድ ቅጠል ቆርቆሮ ዋጋ ከብዙው ቤት የዓመት ኪራይ የሚበልጥበት ዘመን ሲመጣ ቀበሌው ጥገናውን ተወው። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አመነታ፤ ሊያድስ ቢፈልግም ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ልጆች ሲያድጉ በጓሮ ቅጥያ ተሠራ፤ አንድ መጸዳጃ ለአሥርና ለአሥራ አምስት አባወራ ሆነ። የቤቱን ርካሽነት የከፈለው፣ በዚህ አኳኋን፣ ራሱ ቤቱ ነው። ሰው ያላዋጣውን ገንዘብ ምሰሶው በመበስበስ አዋጣው። ብዙዎች በዚህ ጉዳይ አዋጁን ብቻ ይወቅሳሉ፤ ይሁን እንጂ ኪራዩን ከኑሮው ጋር እያመዛዘኑ ማሻሻልና ከተሰበሰበውም የጥገና ድርሻውን መለየት አዋጁ የከለከለው ነገር አልነበረም። ያልተደረገው ማንም ይህን የማይወደድ ውሳኔ ሊወስን ስላልፈለገ ነው።

አዲስ ቤት የመሥራቱ ሥራ በዚያው ዘመን በቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይካሄድ ነበር። ማኅበራቱ ቦታ ያለ ዋጋ፣ ብድር ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ፣ የቤት ፕላን ደግሞ ከመንግሥት ያገኙ ነበር። በዚህ መንገድ የተሠሩት ቤቶች ዛሬም በየአቅጣጫው በጥሩ ይዞታ ላይ ይገኛሉ። ሆኖም በማኅበር ለመደራጀት መቆጠብ፣ ለመቆጠብም የማይቋረጥ ገቢ ማግኘት ግድ ስለ ነበረ፣ ተጠቃሚው በአብዛኛው ደመወዝተኛው ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዓለም ባንክ ብድር በንፋስ ስልክ መንገድና ውሃ የገባለት ቦታ ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች የተሰጠበትና በተክለ ሃይማኖት ነባሩ ሰፈር የተሻሻለበት ሥራ ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ነባሩን ሳያፈርሱ የማሻሻሉ አሳብ ግን በከተማው ደረጃ ሳይስፋፋ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሬቱ የመንግሥት እንደ ሆነ ቢቆይም በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 በሊዝ ይሰጥ ጀመር። ሕጉ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ጨረታው አቅም ላለው መንገድ ከፈተ። አቅም የሌለው ከከተማይቱ ጠርዝ ከገበሬው ቦታ እየገዛ ቤት ቀለሰ። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚላቸው እነዚህን ነው፤ ማታ በጨረቃ ብርሃን ቆሞ ማለዳ ሰው ሲነሣ ቤት ሆኖ ስለሚገኝ ነው። በአንድ ሌሊት ምሰሶ ተክሎ፣ ማግሮና ከድኖ ማደር ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ባለሙያው ያውቀዋል። የቤት ፍላጎቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ከማናቸውም ጥናት ይልቅ ይህ ይመሰክራል። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ1987 ከ2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደርና የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ቤት ለማጥናት ተባበሩ። የጥናቱ ፍሬ ለምሕንድስና ባለሙያው ጠቃሚ በመሆኑ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። በአገሪቱ በተለመደው የፎቅ ቤት አሠራር ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ወለሉ ነበር። ወለል ለማፍሰስ የጣውላ ቅርጽ ማውጣት፣ ከሥሩም ባሕር ዛፍ በጫካ መልክ መደገፍ፣ ሲሚንቶው እስኪጠና ድረስ ያንን ሁሉ እንጨት አስሮ ማቆየት ያስፈልግ ነበር። በአዲሱ ዘዴ ፌሮ ያለባቸው ቀጫጭን ተሸካሚዎች በምድር ላይ አስቀድመው ይመረታሉ። ከዚያም በሰው ኃይል ተነሥተው በቦታቸው ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ለወለል የተዘጋጀ ባዶ ብሎኬት ይገባና ከላዩ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። የጣውላው ወጪ በብዙ ቀነሰ፤ የባሕር ዛፉም ጫካ ሳሳ። ግድግዳው በአንድ መጠን በሚመረት ብሎኬት ስለሚገነባ ጠርቦ ማባከኑ ቀረ። የበርና የመስኮት መጠን አንድ ዓይነት በመደረጉ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በብዛት ሊያመርቱ ቻሉ። ከባድ ክሬን የማያስፈልገው በመሆኑ ብዙ እጅና ጥቂት መሣሪያ ላላት አገር የተስማማ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ሲወጣ አንድን ፎቅ ለብዙ ባለቤት ማካፈል በሕግ ተቻለ። አቶ አርከበ ዕቁባይ የከተማው ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ በቦሌ ገርጂ 750 ያህል ቤቶች በሙከራ ተሠሩ፤ «ኮንዶሚኒየም» የሚለው ቃልም ከዚያ ተነሥቶ የአማርኛ ቃል እስኪመስል ድረስ ተለመደ።

በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በአገር አቀፍ ደረጃ የታቀደው በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት መሥራት፣ ለ200 ሺህ ሰው ሥራ መፍጠርና 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን ማቋቋም ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. የተሠራው 171 ሺህ ያህል ነው። ከዕቅዱ ግማሽ እንኳን አልሞላም፤ ነገር ግን አገሪቱ ከዚያ በፊት በዚህ ፍጥነት ቤት ሠርታ አታውቅም። የሲሚንቶና የፌሮ እጥረት ሥራውን ደጋግሞ አስቆመው። በብሎኬት ማምረቻው፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ዝርጋታው የሠለጠኑት ወጣቶች ግን ዛሬ በግል ሕንፃዎች ላይ የሚሠሩ የሙያ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ከመርሐ ግብሩ ታላላቅ ፍሬዎች አንዱ ብሎ መቁጠር ይገባል።

የገንዘቡ አሠራር እንዲህ ነበር። መሬቱ ያለ ዋጋ ከከተማው፣ የግንባታው ገንዘብ ባንክ ከገዛው ቦንድ ይገኛል። ትንንሾቹ ቤቶች ካስወጡት ወጪ ባነሰ፣ ትልልቆቹ በመጠኑ ከፍ ባለ ዋጋ ይተላለፋሉ፤ በምድር ቤቱ ያሉት ሱቆች በጨረታ ይሸጣሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከዋጋው 20 በመቶ ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን ለባንክ በየወሩ ይከፍላል። ከቤቶቹ 30 በመቶ ለሴቶች የተለየ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከተደረገው የሚለየው ልዩነቱ ከየት እንደሚሸፈን በግልጽ መታሰቡ ነው። ያልታሰበው ከቁልፍ ርክክቡ በኋላ የሚሆነው ነበር።

የመጀመሪያው ነገር፣ ደኃው ዕጣ ወጥቶለትም የባንኩን ዕዳና የቤቱን ማጠናቀቂያ አንድ ላይ መሸከም አልቻለም። ቤቱ ሲተላለፍ ወለሉና የውስጥ ልስኑ ያልተጨረሰ ስለ ነበረ፣ መግባት የፈለገ ሁሉ እንደ ገና ግንበኛና ቀለም ቀቢ መጥራት ነበረበት። የገበያው ኪራይ ደግሞ ከወር ዕዳው በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ብዙው ቤቱን አከራይቶ እርሱ በነበረበት ጠባብ ክፍል ቀረ። ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ ቢከለከልም ማከራየት አልተከለከለም። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ ለአንዲት ልጆች አሳዳጊ እናት ግን ኮንዶሚኒየሙ በዕድሜዋ ያገኘችው የመጀመሪያ ጡረታ ነበር። ዞሮ ዞሮ ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው ቤት የመካከለኛ ገቢ ተከራይ መኖሪያ ሆነ።

ሁለተኛው ኑሮው ነው። አራት ፎቅ ያለ አሳንሰር መውጣት ለሽማግሌ ይከብዳል፤ ውሃውም ግፊቱ ሲያንስ ከላይ አይደርስም። የፕላኑ አዘጋጆች እንጀራ መጋገር፣ በርበሬ መደለዝና በግ ማረድ በፎቅ ላይ እንደማይቻል ተረድተው በየግቢው የጋራ ሥራ ቤት አስገብተዋል። ይህ ከውጭ አገር ፕላን የተቀዳ ያልሆነ መልካም አሳብ ነበር። በብዙ ቦታ ግን ቤቱ ለስብሰባ፣ ለጥበቃ ማደሪያ ወይም ለሱቅ ዋለ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለው በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው።

ሦስተኛው የቦታው ርቀት ነው። በልደታ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ተተክሏል፤ ነዋሪውም ዕድል ተሰጥቶታል። አብዛኛው ግንባታ ግን ባዶ መሬት ፍለጋ ወደ ጠርዝ ሄደ፤ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ። ለደንበኛው «ያለ ዋጋ» የተሰጠው መሬት ለአርሶ አደሩ የጤፍ ማሳው ነበር። የተሰጠው ካሣ የመሬቱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያለውን ሀብት የሚተካ ስለ ነበረ፣ ቤተሰቡ ገንዘቡን በልቶ ሲጨርስ የሚያርሰውም የሚነግደውም አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ምክንያት የተነሣው ብርቱ ተቃውሞ ከዚህ የተለየ ምንጭ የለውም። የርካሹን ቤት ልዩነት በዚህ ጊዜ ከከፈሉት አንዱ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነበር።

መርሐ ግብሩ ከአዲስ አበባ ውጭ ወደ ሃምሳ በላይ ከተሞች ተዛምቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በእነዚያ ከተሞች ሲቋረጥ ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። በመካከለኛ ከተማ ቦታ ተመርቶ ግቢ ያለውን ቤት በጭቃም ይሁን በብሎኬት በየዓመቱ እየቀጠሉ መሥራት የሚችል ሰው፣ ዶሮ የማይረባበትንና እንሥራ የማይቀመጥበትን ፎቅ በዕዳ አይገዛም። ቅድመ ክፍያው የማይሟላ፣ ዕዳው የማይሰበሰብ ሆነ። ለአንዲት የሚሊዮኖች ከተማ የተቀደደ ልብስ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው በአዲስ መልክ ሲከፈት ለዝቅተኛው 10 በ90፣ ለመካከለኛው 20 በ80፣ ለተሻለው 40 በ60 የሚባሉ ደረጃዎች ወጡ፤ ቀድሞ መቆጠብም ግዴታ ሆነ። የተመዘገበው ከ900 ሺህ በላይ ነው። ግንባታው ይህን ሰልፍ ሊደርስበት አልቻለም። በየወሩ ሳያቋርጡ ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ዋጋው ከቁጠባቸው በላይ ሲሮጥ ተመለከቱ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው፣ በኮምፒዩተሩ መረጃ ላይ ማጭበርበር በመገኘቱ ዕጣው ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። ለሃያ ዓመት ያህል በሕዝቡ ዘንድ የመጨረሻው የእኩልነት ምልክት ሆኖ የቆየው ዕጣ ነበርና፣ ይህ አጋጣሚ ከሲሚንቶ እጥረቱ ይልቅ አሳዘነ።

በመሠረቱ ከከተማይቱ ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ሆኖ ቆይቷል። በ1967 ዓ.ም. ኪራይ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ከ1983 ወዲህ ለገበያ ተተወ፤ በ1997 ሰውን ሁሉ ባለቤት ለማድረግ ታሰበ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወደ ተከራዩ ተመለሰ። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚወስነው ጣሪያ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ከአዋጅ ቁጥር 47 በኋላ ከነበረው አሠራር የሚለይበት አንዱ ነጥብ ኪራዩ በየጊዜው እንዲሻሻል መንገድ መክፈቱ ነው። ጣሪያው በየዓመቱ በሚወሰንበት ጊዜ የጥገና ወጪ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱ የቤቶቹን ዕድሜ የሚወስን ይሆናል። ቁጥሩን ማቅረብ የሚችለው ደግሞ የምሕንድስና ባለሙያው እንጂ ሌላ አይደለም።

የገርጂዎቹ የመጀመሪያ ቤቶች አሁን ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ፣ የጣሪያ ቆርቆሮና የውጭ ልስን የመለወጫ ጊዜያቸው የሚደርሰው በዚህ ዕድሜ ላይ ነው። በጋራ ሕንፃ ሕግ መሠረት የቤቱ ባለቤቶች ማኅበር ለዚህ የሚሆን መዋጮ መሰብሰብ ይገባዋል። በብዙ ሕንፃ ግን ማኅበሩ የሚሰበስበው ለዘበኛና ለጽዳት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ተከራዩ ደግሞ የጣሪያው ጉዳይ አይመለከተኝም ይላል። በላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ የሚታየው የውሃ ቀለበት በየክረምቱ እየሰፋ ነው።